የጌም ላፕቶፕን በ30ኛው ደቂቃ መመዘን

አንድ የጌም ላፕቶፕ ለመምረጥ ሁለት ማሽኖችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ለሦስት ሳምንት ያህል ፈትኛለሁ። ሁለቱም አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል)፣ 16 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና በሴኮንድ 144 ጊዜ ምስሉን የሚያድስ (144 ሄርዝ) ስክሪን ስለነበራቸው መግለጫቸውን ብቻ ላነበበ ሰው ልዩነታቸው አንዱ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም መሆኑ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተናዬ ስህተት ነበረበት። አንድ ጌም ከፍቼ ለአምስት ደቂቃ ያህል የፍሬሙን ቁጥር፣ ማለትም በየሴኮንዱ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት፣ መዘገብሁና ሁለቱ እኩል ናቸው ብዬ ደመደምሁ። በዚያው ምሽት ግን በቀጭኑ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ስጫወት ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ። ስለዚህ የቀደመውን መዝገብ ትቼ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጌም፣ በአንድ ዓይነት የምስል ጥራት ሁለቱንም ለ30 ደቂቃ ሳላቋርጥ እያሠራሁ ሙቀቱን፣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና ግራፊክስ ካርዱ የሚወስደውን ዋት በየደቂቃው ጻፍሁ። ወፍራሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብዙም አልተለወጠም። የቀጭኑ ፕሮሰሰር ግን 20ኛው ደቂቃ ሳይሞላ 97 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰና ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን መቀነስ ጀመረ፤ በሴኮንድ 90 የነበረው ፍሬምም ወደ 70 ወረደ።

ምክንያቱን ስፈልግ ነው የካርዱ ስም ብቻውን ብዙ እንደማይናገር የገባኝ። የካርዱ ሠሪ ኤንቪዲያ የላፕቶፑን አርቲኤክስ 4060 ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው መጠን እንዲሠራ ስለሚፈቅድ፣ ስንት ዋት እንደሚሰጠው የሚወስነው ላፕቶፑን የሚሠራው ኩባንያ ነው፤ የሚወስነውም ሙቀቱን ማስወጣት በሚችለው ልክ ነው። የእኔ ቀጭን ማሽን ከ80 ዋት አልፎ አያውቅም። ስለዚህ ዲዛይንና አቅም እንደ ሁለት የተለያዩ ነጥቦች ተለይተው ሊመዘኑ አይችሉም፤ የቀጭኑ ውበት የተገዛው በዋት ነው።

አየር የሚገባው ከሥር ባሉት ቀዳዳዎች ሲሆን የቀጭኑ የጎማ እግሮች እጅግ አጫጭር ስለነበሩ ማራገቢያዎቹ በቂ አየር አያገኙም ነበር። ከኋላ በኩል ሁለት የውሃ ጠርሙስ ክዳን ከሥሩ አስገብቼ ፈተናውን ስደግም ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ቀነሰ። የሙቅ አየር መውጫው በቀኝ ጎን በመሆኑ ግን ማውዝ የያዘው እጄ ሁልጊዜ በላብ ይርስ ነበር፤ ይህን ችግር የትኛውም የመግለጫ ሰንጠረዥ አይነግረንም፣ ለሚጫወት ሰው ግን ከክብደቱ ይልቅ የሚከብደው እርሱ ነው።

ወፍራሙም እንከን አላጣም። አማካይ ፍሬሙ ከፍተኛ ሆኖ ሳለ ምስሉ አልፎ አልፎ ለቅጽበት ይደናቀፍ ነበር። በሴኮንድ 60 ፍሬም ማለት ለእያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሴኮንድ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ 50 ሚሊሴኮንድ ቢፈጅ ዓይን ወዲያው ያየዋል፣ አማካዩ ግን ብዙም አይነቃነቅም። ከዚያ በኋላ በጣም የዘገዩትን 1 በመቶ ፍሬሞች ለብቻቸው መመዝገብ ጀመርሁ። የላፕቶፑን የታችኛውን ክዳን ፈትቼ ስመለከት 16 ጊጋባይቱ በአንድ የራም ሰሌዳ ብቻ የተገጠመ ሆኖ አገኘሁት። በሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ስተካው ፕሮሰሰሩ ከራሙ ጋር በሁለት መስመር መገናኘት ስለቻለ መደናቀፉ በእጅጉ ቀነሰ።

ያለ ቻርጀር ሁለቱንም ሞክሬአቸዋለሁ፤ ባትሪው የካርዱን ሙሉ ዋት መስጠት ስለማይችል ሁለቱም ደካማ ናቸው፣ በዚህ ነጥብ ማበላለጥ አያስፈልግም።

ወፍራሙን መረጥሁ። ከስምንት ወር በኋላ ያንኑ የ30 ደቂቃ ፈተና ስደግም ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ጨምሮ አገኘሁት። ማሽኑን አጥፍቼ የታችኛውን ክዳን ከከፈትሁ በኋላ ማራገቢያዎቹ እንዳይሽከረከሩ በጣቴ ይዤ አቧራውን በታመቀ አየር አስወጣሁ፤ ሙቀቱም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። የመጀመሪያውን ቀን መዝገብ ባላስቀምጥ ኖሮ መጨመሩን እንኳ አላውቅም ነበር።