ዲርክ ስሠራ፦ የትኛው ሥራ የትኛውን መቅደም እንዳለበት

ዲርክ የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ቀበቷቸው ላይ ያንጠለጥሉት የነበረ ረጅም ጩቤ ነው። ስለቱ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ጀርባው ቀጥ ብሎ ብረቱ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት የሚያግድ መስቀለኛ ብረት የለውም። ያንን ሥራ የሚሠሩት በእጀታው ግርጌ ግራና ቀኝ ያበጡ ሁለት የእንጨት ትከሻዎች ናቸው። የእጀታው ራስ ጠፍጣፋና ክብ ሲሆን የነሐስ ወይም የብር ክዳን ይደረግበታል፤ መካከሉ በብራና መጻሕፍታችን ራስጌ ላይ እንደሚሣለው ባለ ሐረግ ይቀረጻል። ራሱ ላይ ቢጫ ድንጋይ የተሰካበት ዲርክ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጌጥ ነው። እኔ የሠራሁት ከዚያ የቀደመውን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1746 በስኮትላንድ ከተካሄደው የከሎደን ጦርነት በፊት የነበረውን ዓይነት ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ዲርኮች ከተሰበሩ ጎራዴዎች ተቆርጠው ይሠሩ ስለነበር ብረታቸው ቀጭንና ቀላል ነው። ዛሬ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ የሚከብዱት ይህ ስለሚረሳ ነው።

ልኬ ይህ ነበር፦ ብረቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከእጀታው ሥር ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር፣ የጀርባው ውፍረት ከሥሩ 5 ከጫፉ አካባቢ 3 ሚሊ ሜትር። እጀታው በሙሉ 11 ሳንቲ ሜትር ነው። አጭር ይመስላል፣ ግን ልክ ነው፤ ትከሻዎቹና ራሱ መዳፍን ከሁለት በኩል ጠበቅ አድርገው ይይዙታል። እጀታውን እንደ ወጥ ቤት ቢላ ካስረዘምነው መልኩም አያያዙም ዲርክ መሆኑ ይቀራል።

ለብረቱ 1080 የሚባለውን፣ 0.8 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለውን ጠፍጣፋ ብረት በ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ገዛሁ። የመኪና ባሌስትራም ይሆናል። ሆኖም ያገለገለ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ ስንጥቁም ራሱን የሚያሳየው ሥራው ሁሉ አልቆ ብረቱ ዘይት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። አዲስ ብረት መግዛት ከዚያ ኪሳራ ይረክሳል።

ከጀርባው አጠገብ የሚሄደውን ቦይ መጀመሪያ አወጣሁ፣ ሁለቱ ጎኖች ገና ትይዩ ሳሉ። ስለቱን አስቀድሞ ያሳሳ ሰው ለቦዩ መቁረጫ የሚደገፍበት ቀጥ ያለ ጎን ያጣል፤ ቦዩም ይጣመምበታል። ቀጥሎ ስለቱን በሞረድ አሳሳሁ፤ ግን ጠርዙን 1 ሚሊ ሜትር አስቀርቼ ነው። ከዚያ በታች የሳሳ ጠርዝ እሳቱ ላይ ካርቦኑን ያጣል፣ ዘይቱ ውስጥም እንደ ሞገድ ይጣመማል። የጀርባውን ጥርስ መሰል ጌጥም በዚሁ ደረጃ በክብ ሞረድ 1 ሚሊ ሜትር ያህል አጠለቅኩት። ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ የሚተወው ሹል ስርጉድ ለስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ወደ እጀታው የሚገባው ጭራ ከሰፊው ብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታም ያው ነው፤ ማዕዘኑ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ክብነት ሊኖረው ይገባል።

እሳቱ ላይ ብረቱን ሦስት ጊዜ ማግኔት እስከማይስበው ድረስ (770 ዲግሪ ገደማ) አግዬ በነፋስ አቀዘቀዝኩት፤ ይህ በሥራው ወቅት የተጠራቀመውን ውጥረት ያወጣል። ለማጠንከሩ ከዚያ ትንሽ አለፍ አድርጌ ወደ 810 ዲግሪ አድርሼ፣ 50 ዲግሪ የሞቀ የካኖላ ዘይት ውስጥ ጫፉን ወደ ታች አድርጌ ነከርኩት። ዘይቱ መሞቁ ለማስጠንቀቅ ያህል የሚነገር ነገር አይደለም፤ ቀዝቃዛ ዘይት ይወፍራል፣ ሙቀቱን ቶሎ አይወስድም። ውስጡ ሳለ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይንቀሳቀስ። ወደ ጎን ካማሰሉት አንዱ ጎን ቀድሞ ይቀዘቅዝና ብረቱ ይጎብጣል። የእኔው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ጎብጦ ወጣ። ገና ትኩስ ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች፣ በወፍራም ጓንት ይዤ በሁለት ሳንቃዎች መካከል ስጫነው ተቃና። ከቀዘቀዘ በኋላ ቢሞከር ኖሮ እንደ ብርጭቆ ይሰበር ነበር። ሞረድ ሲነካው ከተንሸራተተ ጠንክሯል ማለት ነው። በዚያው ዕለት በ210 ዲግሪ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሁለት ሰዓት፣ ምድጃ ውስጥ አቆየሁት። የምድጃውን ቁጥር አላመንኩም፤ ሌላ ቴርሞሜትር ባስገባ የ25 ዲግሪ ልዩነት አገኘሁ። በመጨረሻ ብረቱን ውሃ ውስጥ አቁሜ ጭራውን ብቻ ሰማያዊ እስኪሆን በእሳት አለዘብኩ። የጭራው ጫፍ ኋላ በመዶሻ ስለሚደፈጠጥ መለስለስ አለበት።

እጀታው ላይ ከብረቱ ሦስት እጥፍ ጊዜ ሄደ። በጥንት ዲርኮች የሚገኘው እንጨት ከረግረግ አፈር ሥር ለዘመናት ተቀብሮ የጠቆረ ኦክ፣ የአይቪ ሥር ወይም ቦክስዉድ ነው። ጥቁሩ ኦክ ያምራል፣ ነገር ግን ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ ስለሆኑ ከ3 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ሐረግ አይሸከምም፤ ይፈረፈራል። ሲደርቅም በጣም ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ቦክስዉድ ጥብቅ ስለሆነ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነውንም ይይዛል። በአገር ቤት ለሚሞክር ሰው በደንብ የደረቀ ወይራ ጥሩ ምትክ ይመስለኛል።

ከሁሉ የከፋው ስህተቴ እዚህ ነው። በመጀመሪያው እንጨት ላይ ቅርጹን ካወጣሁ በኋላ ለጭራው ቀዳዳ ስበሳ መሰርሰሪያው ወደ ጎን ሸሸ፤ ሐረጉ ሊቀረጽበት ከታሰበው ቦታ ሥር የቀረው እንጨት 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ክብ ነገር በሞርሳ ቀጥ ብሎ አይያዝም። ሁለተኛውን ገና 50 በ50 በ120 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ሳለ በሳሁት፦ በ6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን፣ መካከላቸውን በሴጌቶ ምላጭ ከፈትኩ። ለመጨረሻው ልክ፣ ከተራ ብረት ጭራውን የሚመስል ሌላ ቁራጭ ሠርቼ አግዬ አቃጥዬ አስገባሁት። የዲርኩን የራሱን ጭራ ማጋል አይገባም፤ ሙቀቱ ወደ ስለቱ ሄዶ ጥንካሬውን ያበላሻል። የውጭውን ቅርጽ ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን ማዕከል አድርጌ አወጣሁ፦ መያዣው 26፣ ራሱ 48፣ ትከሻዎቹ በወርድ 42 ሚሊ ሜትር።

ወደ ሐረጉ እንምጣ። የመያዣው ዙሪያ 26 በ3.14 ሲባዛ 82 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስምንት ቦታ ከፍዬ በየ10.2 ሚሊ ሜትሩ መስመር አደረግሁ። በወረቀት ላይ ስሎ መጠቅለል ያምራል፤ ግን መያዣው መካከሉ ላይ ያበጠ ስለሆነ ወረቀቱ ይጨማደድና መጀመሪያና መጨረሻው አይገናኝም። ክር ጠምጥሞ በእርሳስ በቀጥታ እንጨቱ ላይ መክፈል ይሻላል። የሐረጉን ስፋት 3፣ ጥልቀቱን 1.5 ሚሊ ሜትር አደረግሁ። ቢላ ከመነካቱ በፊት በየመገናኛው የቱ ከላይ የቱ ከታች እንደሚያልፍ በእርሳስ ምልክት ይደረግ። አንድ ሐረግ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያለ ሲሄድ ዙሩን ሁልጊዜ በትክክል ይዘጋል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከላይ የሚያልፍ ቦታ ከተገኘ ስዕሉ ላይ አንድ መስመር ጠፍቷል ማለት ስለሆነ ተመልሶ መፈለግ ነው፤ በመሮ ለመሸፈን መሞከር አያዋጣም።

ሐረጉ ከእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ አንጻር ሰያፍ ስለሚሄድ አንዱ ጠርዝ በንጽህና ሲቆረጥ ሌላው ይቦጨቃል። ስለዚህ የአንዱን ወገን ጠርዞች ሁሉ ጨርሼ እጀታውን አዙሬ የሌላውን በተቃራኒ አቅጣጫ ቆረጥኩ። ከታች የሚያልፈው ሐረግ መገናኛው ጋ ሲደርስ እንደ ደረጃ በድንገት መውረድ የለበትም፤ 4 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ጀምሮ ቀስ ብሎ ይዘቅዝቅ። ጀማሪ የቀረጸው ሐረግ ጠፍጣፋ የሚመስለው ይህ ስለሚጎድለው ነው። በብርጭቆ ወረቀት አልነካሁትም፤ ወረቀቱ ጠርዙን ያደበዝዘዋል። በሐረጎቹ መካከል ባሉት ክፍተቶች ትናንሽ የነሐስ ምስማሮች መታሁ፣ ቀዳዳቸውን አስቀድሜ በስቼ።

ጭራውን ለማጣበቅ አራት እጅ የጥድ ሙጫ፣ አንድ እጅ ሰም፣ አንድ እጅ የላመ የከሰል ዱቄት በዝግታ አቅልጬ ቀዳዳው ውስጥ አፈሰስኩ። ሰሙ ካነሰ ሙጫው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከበዛ በሙቀት ይለዝባል። ከነሐሱ ክዳን በላይ ጭራው 3 ሚሊ ሜትር ብቅ ይላል፤ ከዚያ ከረዘመ ሲመታ ይጎብጣል፣ ካጠረ የሚደፈጠጥ ብረት የለም። ብረቱን በቆዳ በተሸፈነ ሞርሳ ከትከሻዎቹ በታች አጥብቄ ይዤ፣ በ200 ግራም መዶሻ በብዙ ትንንሽ ምት ዙሪያውን ደፈጠጥኩት። በትልቅ መዶሻ ሦስት አራት ጊዜ መምታት እንጨቱን ከትከሻዎቹ መካከል ይሰነጥቀዋል። ስለቱን የሳልኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለሰገባው በእጽዋት የለፋ 2.5 ሚሊ ሜትር ቆዳ ያስፈልጋል። በክሮም የለፋው ቅርጽ አይዝም፣ ብረትም ያዝጋል። ቆዳውን አርሶ በብረቱ ላይ ሲጠቀልሉት ብረቱ በፕላስቲክ በደንብ ይሸፈን፤ እርጥቡ ቆዳ የነካው ብረት በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ስፌቱ በጀርባ በኩል ይሆናል፤ ከፊት ከዲርኩ ጋር አብረው ለሚያዙት ትንሽ ቢላና ሹካ ኪስ ይደረጋል። ሰገባው ለመጠቀሚያ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚስብ ዲርኩ ዘይት ተቀብቶ ለብቻው ይቀመጣል።