አዳሪ ትምህርት ቤት ስመርጥ ያየሁት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለውን ነው

አዳሪ ትምህርት ቤት ልትጎበኙ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚያሳዩዋችሁ ቤተ ሙከራውን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና የኮምፒውተር ክፍሉን ነው። እዩት፣ ጥሩ ነው። ግን ክፍል ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ያበቃል። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት እስኪጀመር ድረስ ያለው ጊዜ የትምህርቱን ሰዓት እጥፍ ነው። ልጄን ለ9ኛ ክፍል አዳሪ ለማስገባት ትምህርት ቤት ስናፈላልግ ምርጫችንን የወሰነው ያ ጊዜ ነው።

የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ሥራው ክፍለ ሀገር ነው፣ አብዛኛውን ወር ቤት የለም። እኔ ከቢሮ ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ ቤት ስደርስ ይመሻል። ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ማንም በሌለበት ቤት ነበር የምትቀመጠው። ጎረቤት አለ፣ ግን ጎረቤት የቤት ሥራዋን አያይላትም። ስልኳን ይዛ ትቆያለች። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲደርስ አዳሪ የሚለውን ሐሳብ ያነሳችው ራሷ ናት። ጓደኛዋ ልትገባ ነበር።

እናቴ አልወደደችውም። «እናት እያላት እንዴት አዳሪ ትገባለች?» አለች። ይህን ንግግር ብዙ ቤት ትሰሙታላችሁ፣ ቀላል ነገርም አይደለም። እኔን የረዳችኝ ታላቅ አክስቴ ናት። እሷ እቴጌ መነን አዳሪ ሆና ነው የተማረችው። ለማያውቁት፣ እቴጌ መነን በ1924 ዓ.ም. ለሴት ልጆች የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ስድስት ኪሎ ያለው፣ በኋላ የካቲት 12 የተባለው ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዘመን ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ሴት ልጆች አንድ ጣሪያ ሥር አድረው ይማሩ ነበር። አክስቴ ስለ ትምህርቱ ብዙም አላወራችኝም። «የኔ ልጅ፣ ሌሊት ልጅ ሲያማት ማን ተነስቶ እንደሚመጣ ጠይቂ» ብቻ አለችኝ። ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የዞርኩት።

በመጀመሪያ ግን ስለ ውጤት ላንሳ፣ ምክንያቱም ሁሉም ወላጅ የሚጠይቀው እሱን ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። በዚህ መሃል ተማሪዎቻቸውን በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ያሳለፉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስማቸው ገነነ። ወላጅም ፊቱን ወደ አዳሪ አዞረ። አልፈርድበትም፣ እኔም አንዷ ነኝ።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ተማሪ የሚቀበሉት በፈተና መርጠው ነው። ከመጀመሪያውም ጎበዝ የሆነች ልጅ በጥሩ ውጤት ብትወጣ ትምህርት ቤቱ ምን ያህል ጨመረላት? ይህን ለማወቅ የምጠይቀው «ስንት አሳለፋችሁ?» ብዬ አልነበረም። «9ኛ ክፍል ስንት ተቀብላችሁ፣ ከእነሱ ስንቱ 12ኛ ክፍል ደረሱ? የወጡት ለምን ወጡ?» ነበር የምለው። አንድ ርዕሰ መምህር መዝገብ አውጥተው አሳዩኝ፤ ማን ወደ ቤቱ እንደተመለሰ፣ ማን ክፍያ እንዳቃተው ሳይቀር ነገሩኝ። ሌላ ቦታ ጥያቄዬን እንደ ስድብ ቆጠሩት። እዚያ ተመልሼ አልሄድኩም።

ከዚያ ወደ ማታው ልምጣ። እየደወልኩ «የምመጣው ከሥራ በኋላ ነው፣ ማታ ማየት ይቻላል?» እል ነበር። አይቻልም ያሉኝ አሉ፤ የልጆቹን እረፍት ላለመረበሽ ነው አሉ። ይገባኛል። ግን ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰዓት ካልተሰጣችሁ ምርጫውን በጭፍን እንደማድረግ ነው። የፈቀዱልኝ ቦታ የጥናት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ልጆቹ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ አንዲት መምህርት በመሃላቸው እየዞረች ሒሳብ ታስረዳለች። ሌላ ትምህርት ቤት በዚያው ሰዓት ያገኘሁት አንድ ጥበቃ በር ላይ፣ ልጆቹ ደግሞ ብቻቸውን። ሁለቱም በወረቀታቸው ላይ «ክትትል የሚደረግበት የማታ ጥናት» ብለው ጽፈዋል።

ዶርም ውስጥ የጠየቅኩትን ልንገራችሁ። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይተኛል? 9ኛ ክፍል ከ12ኛ ክፍል ጋር ይቀላቀላል? የዶርም ኃላፊዋ የምትተኛው እዚያው ፎቅ ላይ ነው ወይስ ሌላ ሕንፃ? በሴቶች ዶርም ወንድ ሠራተኛ የሚገባው መቼና ከማን ጋር ነው? ትልልቆቹ ትንንሾቹን ልብስ ቢያሳጥቧቸው፣ ቢመቷቸው፣ ልጅቷ ለማን ትናገራለች? የተናገረችበት ሰው ራሱ የዶርም ኃላፊው ቢሆንስ? መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ በጣም ያስፈልጋል። መልስ ያለው ትምህርት ቤት ወዲያው ይመልስላችኋል፣ ምክንያቱም አስቦበታል። ልጆቹ ሳይፈሩ ቤተሰባቸው ጋ የሚደውሉበት መንገድ መኖሩንም አጣሩ። ስልክ መሰብሰቡን እደግፋለሁ፤ ግን ልጅ ስትደውል አጠገቧ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ካለ ስልኩ ጥቅም የለውም።

ውኃና መብራትም አለ። ጀነሬተሩ ለቢሮው ብቻ ነው ወይስ ለዶርሙም ይደርሳል? ውኃ ሲጠፋ ሮቶው ስንት ቀን ይይዛል? ሴት ልጅ ላላት ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። መታጠቢያ ቤቱን ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ።

ምግብ ቤቱን በጾም ቀን ብታዩ ጥሩ ነው። እኛ ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፣ ሁዳዴም አለ። ልጄ እንድትጾም አላስገድዳትም፣ እሷ ግን ትፈልጋለች። የጾም ምግብ የሚባለው በየቀኑ አንድ ዓይነት ሽሮ ብቻ ከሆነ የምታድግ ልጅ ትጎዳለች። አብረዋት የሚማሩ ሙስሊም ልጆች ደግሞ በረመዳን ከንጋት በፊት መብላት አለባቸው። ለዚያ ሰዓት ምግብ ቤቱን ማን ይከፍታል? አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኞቹ በረመዳን ፈረቃ እንደሚቀይሩ ሲነግረኝ ሌላውን ሁሉ ያስባሉ ማለት ነው ብዬ አመንኩ።

የቦታው ርቀትና አየርም ይታሰብ። አዲስ አበባ ውስጥ መሃል ከተማ አዳሪ ብዙ አይገኝም፤ መሬቱ የለም። ስለዚህ ዓይናችሁ ወደ ውጪ ይሄዳል፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ደብረ ብርሃን። ለምሳሌ ደብረ ብርሃን ያለው ኃይሌ ማናስ አካዳሚ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከተማው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ብርዱም የታወቀ ነው። ልጄ አስም ስላለባት ወደ ብርዳማ ቦታ ልልካት አልደፈርኩም። የሌላ ሰው ልጅ ደስ ብሏት ትኖራለች። ለእኔ ሐኪሟ ያለው ትምህርት ቤቱ ካለው ይበልጣል። የትም ብትልኩ ግን ሦስት ነገር አረጋግጡ፤ ነርሷ ሌሊት ግቢ ውስጥ ታድራለች? መኪናና ሹፌር ሌሊት አለ? የትኛው ሆስፒታል ነው የሚወስዷት? የአክስቴ ጥያቄ ይኸው ነው።

የሥርዓተ ትምህርቱ ነገር አጭር ነው ግን ካለፈ አይመለስም። ትምህርት ቤቱ የውጭ ሥርዓተ ትምህርት የሚከተል ከሆነ ልጃችሁ የአገር አቀፉን የ12ኛ ክፍል ፈተና ትፈተናለች ወይስ አትፈተንም? ካልተፈተነች እዚህ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የአቻ ግምት ጉዳዩን፣ ማለትም የውጭው ውጤት ከአገር ውስጡ ጋር እኩል መሆኑን ማረጋገጡን፣ ማን ያስፈጽማል? መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። ልጄ ሕክምና እዚህ አገር መማር ስለምትፈልግ የአገር አቀፉን ፈተና የሚያስፈትን መረጥን።

ክፍያ። የዓመቱን ጠቅላላ ድምር ጠይቁ፣ የሩብ ዓመቱን ብቻ አይደለም። ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ መጽሐፍ፣ ልብስ አጠባ፣ የመመለሻ ሰርቪስ፣ የውጭ ፈተና ክፍያ፤ እነዚህ ሁሉ ለብቻ ይመጣሉ። ውሉ ላይ ክፍያው በብር የተቆረጠ ነው ወይስ ከዶላር ጋር የተያያዘ? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 አልፏል። በዶላር የተዋዋለ ወላጅ ልጁን መሃል ዓመት ላይ እንዳያስወጣ ይህን አስቀድሞ ማየት አለበት። ልጅ በመሃል ብትወጣ ምን ያህል እንደሚመለስም ውሉ ላይ ይኑር። ትምህርት ቤቱ በሰጠን ውል ላይ ይህ አንቀጽ አልነበረም፤ ጠየቅን፣ ጨመሩልን።

የመጨረሻውን ምርጫ ከልጄ ጋር ነው ያደረግነው። ሁለት ቀርተው ነበር። አንደኛው ሕንፃው ያምር ነበር፣ ሜዳውም ትልቅ ነው። ልጄ የመረጠችው ሌላውን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ 10ኛ ክፍል የሆነች ልጅ ጠርታት አብረው በልተው ነበር። ልጅቷ ሒሳብ አስተማሪው እንደሚከብድ፣ እሑድ ጠዋት ቤተሰብ እንደሚናፍቅ፣ የዶርም ኃላፊዋን ግን «እትዬ» ብለው እንደሚጠሯትና ሌሊትም ቢሆን በሯን ማንኳኳት እንደሚቻል ነግራታለች። እኔ ከቢሮው ጠይቄ ያላገኘሁትን ልጄ ጠረጴዛ ላይ አገኘችው።

ለምትጀምሩ፣ ያየኋቸው ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ፈተናቸውን ክረምት ሳይገባ ነው የሚሰጡት። ስለዚህ ፍለጋውን ከገና በኋላ ጀምሩ። የ8ኛ ክፍል ውጤት እስኪወጣ ብትጠብቁ ጥሩዎቹ ቦታዎች ይሞላሉ፣ ማታ ሄዶ ለማየትም ጊዜ አይኖራችሁም።