ጨርቅ የሚታየው በረንዳ ላይ ነው

እናቴ ሱቅ ውስጥ ቆማ ጨርቅ ገዝታ አታውቅም። ጣቃውን ተሸክማ በረንዳ ላይ ትወጣለች፤ ዘርግታ ካየችው በኋላ ነው ዋጋ የምትከራከረው። የጅማ መርካቶ አሮጌ ሱቆች ወደ ውስጥ ረዘም ይላሉ። ከባንኮኒው ጀርባ በቀትርም ጨለም ያለ ነው። መብራት ሲጠፋማ ጥቁሩ ከሰማያዊው አይለይም።

ሰሞኑን ሊቨርፑል ስላለው ኦሪየል ቻምበርስ ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1864 ለቢሮ ኪራይ የተሠራ ፎቅ ነው። እንግሊዝ በንግሥት ቪክቶሪያ ትገዛ ነበር። እኛ ጋ አፄ ቴዎድሮስ ነበሩ፣ ጅማም የራሷ ንጉሥ ነበራት።

የዚያን ዘመን ፎቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው ግድግዳው ነው። ስለዚህ ግድግዳው ይወፍራል፣ መስኮቱ ይጠባል። አርክቴክቱ ፒተር ኤሊስ ግን ሸክሙን ለብረት ሰጠው። ከዚያ መንገድ ዳር ያለውን ፊት በመስታወት ሞላው። መስኮቶቹ ወደ ውጭ ወጣ ያሉ ስለሆኑ ከፊትም ከጎንም ብርሃን ይቀበላሉ። በጓሮ በኩል ደግሞ ምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው ቆመዋል፤ መስታወቱ ከፊታቸው ነው። ዛሬ አዲስ አበባን የሞላው የመስታወት ፎቅ የዚህ ዘር ነው።

የዚያን ዘመን ቢሮ ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ መዝገብ ላይ ያቀረቅራል። አምፖል የለም። ሰማዩ ደመና ነው፣ የከሰል ጭስ አለ። ብርሃን ከሌለ ሥራ የለም። ኤሊስ ይህን ስላሰበ በዘመኑ መጽሔት ላይ መስኮቶቹ ከአረፋ ጋር ተመሳስለው ተጣጣሉበት። እስካሁን ያናድደኛል።

የእኛ ከተማ ጣጣ ዝናብ ነው። ስለዚህ በጣሊያን ጊዜ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ፎቃቸውን ወደ መንገዱ አውጥተው ዓምድ ላይ አሳርፈውታል። ከሥሩ እግረኛ ያልፋል። ክረምት ላይ ልብስ ሰፊው ሲንጀሩን እዚያ ይተክላል፤ ብርሃን ያገኛል፣ አይረጥብም። አንዱን በሜትር ለክቼዋለሁ፤ ስፋቱ 2 ሜትር ከ40 ነው። ሁለት ሰው ጥላ ሳይዝ ጎን ለጎን ይሄድበታል።

አሁን በረንዳውን በቆርቆሮ እየዘጉ ሱቅ ማስፋት መጥቷል። አንዱን ባለሱቅ «ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉት» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ዕቃው የት ይግባ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሱቁ ጠባብ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር እዚያው ሄድን። ጣቃውን ይዛ ወጣች። በረንዳ የለም። መንገድ ላይ ዘርግታ ማየት ስትጀምር ካፊያ ጀመረ። ጨርቁን በነጠላዋ ሸፍና ሮጠች፤ ለባለሱቁ መለሰችላቸውና ሳትገዛ ወጣን።