የእማዬ ጠብታና የጋሼ ጠብታ

«የትኛው ጠብታ ይሻላል?» ሰሞኑን እዚህ ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር ውስጥ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል። እማዬና ጎረቤታችን ጋሼ በተቀራረበ ጊዜ የዓይን ሞራ ተገፈፈላቸው። የታዘዘላቸው ጠብታ ግን ለየቅል ነው። ሰፈሩም «አንዱ ሐኪም ተሳስቷል» ማለት ጀመረ። የተሳሳተ ሐኪም የለም። ዓይናቸው ነው የተለያየው።

ሞራው ሲወጣ ዓይን ይቆስላል፣ ይቆጣል። ቁጣውን የሚያበርዱት ጠብታዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ ስቴሮይድ ነው፤ እነ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን። ሌላው ስቴሮይድ ያልሆነው ነው፤ እነ ዳይክሎፌናክ፣ ኬቶሮላክ፣ ኔፓፌናክና ብሮምፌናክ።

ስቴሮይድ ጉልበት አለው። ግን አንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ያውም ሰውየው ምንም ሳይሰማው። ጋሼ ግላኮማ አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር ተያይዞ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም ነው። ስለዚህ ስቴሮይዱ ቶሎ ተቀነሰላቸው፣ ዳይክሎፌናኩ ቀጠለ፣ ግፊታቸውም በየቀጠሮው ይለካል።

እማዬ ደግሞ ስኳር አለባት። ስኳር ያለበት ሰው ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሬቲናው፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ መሃሉ ውሃ የመቋጠር ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህ ነገር የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ «ተመስገን፣ አለፈ» ከተባለ በኋላ መሆኑ ነው። ጥርት ብሎ ይታይ የነበረው ይደበዝዛል። እዚህ ላይ ስቴሮይድ ያልሆኑት ጠብታዎች በጣም ይረዳሉ። ለእማዬ ሁለቱም የታዘዘላት ለዚህ ነው፤ ፕሬድኒሶሎንና ኬቶሮላክ።

ለኬቶሮላኩ ከአጂፕ እስከ መርካቶ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርኩ። አንዱ ጋ «ያው ነው» ብለው ዴክሳሜታዞን አወጡልኝ። ያው አይደለም! ስቴሮይድ በስቴሮይድ ላይ መደረቡ ነበር። የታዘዘው ከጠፋ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ፤ ባንኮኒ ላይ አትቀይሩ።

አወሳሰዱም ይለያያል። ኬቶሮላክ አብዛኛውን ጊዜ በቀን 4 ጊዜ፣ ኔፓፌናክ 0.1% 3 ጊዜ ነው። ብሮምፌናክ 0.09% እንደ ምርቱ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃዋል። ቀን ቀን ብቻቸውን ለሚውሉ አዛውንት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያንጠባጥብላቸው ሰው ከሌለ ለሐኪሙ ንገሩት።

የእማዬ ፕሬድኒሶሎን ነጭ ነው፤ ሲቀመጥ መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጣል። ስለዚህ በደንብ እነቀንቀዋለሁ። ጋደም ትላለች። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጌ አንድ ጠብታ ብቻ፣ ጫፉ ሽፋሽፍቷን ሳይነካ። ከዚያ ጨፍና፣ በአፍንጫዋ በኩል ያለውን ጥግ በጣቷ ቀስ አድርጋ ትይዛለች። ይህን ካላደረገች መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮዋ ይወርድና «መረረኝ» ትላለች። 5 ደቂቃ ቆይተን ኬቶሮላኩ። እሱ ያቃጥላል። «በርበሬ ነው እንዴ የጨመርሽብኝ?» ትለኛለች፣ እጄን ጭምቅ አድርጋ። ወዲያው ይለቃታል።

ጅማ ተቀምጦ እማዬን ቡና አትጠጪ ማለት አይቻልም። ቡናው ጓሮ ይቆላል፣ ጭሱ እንዳይደርስባት። ይኸው ነው።

ስቴሮይዱን «ዳንኩ» ብሎ ድንገት ማቆም የለም። ሐኪሙ ባለው መጠን እየተቀነሰ ነው የሚያልቀው፤ አለበለዚያ ቁጣው ያገረሻል። ሕመሙ ከባሰ፣ ቅላቱ ከጨመረ ወይም ማየት ከቀነሰ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን እማዬ የተረፈውን ብልቃጥ «ለሌላኛው ዓይኔ አስቀምጪልኝ» እያለችኝ ነው። ጠብታ ከተከፈተ 4 ሳምንት ካለፈው ይጣላል፤ ለቆሰለ ዓይን ጀርም ማስገባት ነው። ሁለተኛው ዓይኗ ሲደርስ አዲስ ይገዛላታል። ያኔም የሚታዘዝላት ይኸው ላይሆን ይችላል።