ሮቶው ላይ ሳልወጣ የፈረምኩት ውል

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጠቅላላ አገልግሎት ነው የምሰራው። ጠቅላላ አገልግሎት ምን እንደሆነ የሰራበት ያውቀዋል፣ መኪና ሲበላሽ አንተ፣ ሽንት ቤት ሲዘጋ አንተ፣ እንግዳ ሲመጣ አንተ፣ የእንግዳው ሻይ ሲቀዘቅዝም አንተ። የምኖረው ደሴ ነው፣ ሆጤ አካባቢ። ጠዋት በሰርቪስ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ጃኬት እያወለቅን ነው፣ ማታ ስንመለስ እዛው ጠመዝማዛው ላይ መልሰን እንለብሳለን። መንገዷ 25 ኪሎሜትር ብትሆን ነው ግን አየሩ የሁለት አገር ነው።

አምና ጥቅምት ላይ አዲስ ማሽን ገባልንና የሚተክሉ ሶስት ቴክኒሻኖች ከአዲስ አበባ ለስድስት ወር ሊመጡ ሆነ። ሆቴል ይያዝላቸው ሲባል ፋይናንስ ሂሳቡን አይቶ ጮኸ። አለቃዬ ጠራኝና "አፓርታማ ፈልግ፣ ሶስት መኝታ፣ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ግን የመንገድ ደላላ ጋ እንዳትሄድ፣ ቢሮ ያለው ደረሰኝ የሚቆርጥ ይሁን" አለኝ።

ይቺ "ቢሮ ያለው" የምትለዋ ናት ያስበላችኝ። እኔ ቤት ስፈልግ የምሄድባቸው አንድ ሽማግሌ ደላላ አሉ፣ ነጭ ኮፊያ ከራሳቸው ስለማይወርድ ኮፊያው ነው የምንላቸው፣ በፊታቸው ሲሆን አባባ። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ ቢሮአቸው እሱ ነው። ንግድ ፈቃድ የላቸውም፣ ደረሰኝ የላቸውም፣ ማህተም የላቸውም። ያላቸው ነገር ቢኖር ነገ ጠዋትም እዛው በረንዳ ላይ መገኘታቸው ነው፣ ያጭበረበሩህ እንደሆነ ሄደህ ፊታቸው ላይ መቆም ትችላለህ፣ ያንን ደግሞ እሳቸውም ያውቁታል። ግን ይሄ ለፋይናንስ አይወራረድም።

ስለዚህ ቢሮ ያለው ጋ ሄድኩ። ባነር፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ ኮምፒውተር፣ በፍሬም የተሰቀለ ንግድ ፈቃድ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ቆንጆ ልጅ ተቀበለኝና ገና ሳልቀመጥ "አብሽር ወንድሜ፣ ያንተ ቤት ተገኝቷል" አለኝ። ወሎ ተወልጄ አድጌ አብሽር የምትለዋን ቃል የዛን ሰሞን ያህል ፈርቻት አላውቅም። በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፣ ነጭ ኪችን፣ ግራጫ ሶፋ፣ መጋረጃው ክፍት ነው በመስኮቱ ባህር ይታያል። ባህር! ኮምቦልቻ! "ወንድሜ ይሄ ቦርከና ወንዝ ሞልቶ ነው?" አልኩት። "ለናሙና ነው፣ ቤቱ እንደዚህ አይነት ነው ለማለት ነው፣ አብሽር" አለኝ። እዛ ጋ መነሳት ነበረብኝ።

ለማሳያ 500 ብር ከፈልኩና መዞር ጀመርን። የመጀመሪያው ቤት ሳሎኑ መስኮት የለውም፣ ቀን በመብራት ነው የሚኖርበት። ሁለተኛው ጥሩ ነበር ግን ባለቤትየዋ በር ላይ ወጥተው ለላጤ አናከራይም አሉን፣ ኧረ እነዚህ የልጆች አባት የሆኑ ትልልቅ ሰዎች ናቸው ብል "ሚስቶቻቸው አብረው ይመጣሉ?" አሉኝ፣ አይ አይመጡም አልኩ፣ "እንግዲያው ላጤ ናቸው" ብለው በሩን ዘጉት፣ እውነታቸውን ነው። ሶስተኛው ከትላንት ወዲያ ተከራይቷል፣ ተከራዩ ራሱ ነው በር የከፈተልን፣ ልጁ ይሄን አያውቅም ነበር ወይስ የ500 ብሩን ዙር ለመሙላት ነው የወሰደኝ እስካሁን አልገባኝም።

አራተኛው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አዲስ ቤት፣ ሴራሚኩ ያበራል፣ የቀለም ሽታው ገና አልወጣም። እኔም እንደ አዋቂ ዞር ዞር አልኩ፣ መብራቱን ማብራት ማጥፋት፣ በሩን ከፍቶ መዝጋት፣ ከዛ የሻወሩን ቧንቧ ከፈትኩት፣ ውሃው ሹሹሹ ብሎ ወረደ፣ ኪችኑንም ከፈትኩት ያም ወረደ። በቃ ረካሁ። ጊቢው ውስጥ መሬቱ ረጥቦ ሰፊ የጎማ ዱካ ነበረበት፣ አይቼዋለሁ፣ ያየሁበት ምክንያት ጫማዬ ስለጨቀየ ነው፣ ከዛ ውጭ ምንም አላሰብኩም።

ባለቤትየዋ ጅዳ ናት ተባለ፣ የሚያከራየው ወንድሟ ነው። ውክልና አለህ አልኩት፣ አለኝ ብሎ ፎቶ ኮፒ አወጣ፣ ማህተሙን አየሁ፣ ክብ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ፊርማ አለው። ሌላውን አላነበብኩም። ሁለት ገጽ ነበር እኮ! ሁለት ገጽ!

ከዛ ዋጋ። በወር 18,000 ብር፣ የስድስት ወር ቅድሚያ 108,000፣ የአንድ ወር መያዣ 18,000፣ የኤጀንሲው ኮሚሽን ከቅድሚያው 10 ፐርሰንት ማለትም 10,800፣ ድምሩ 136,800 ብር። ውሉ ሲጻፍ ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ውሉ ላይ 7,000 ነው የምንጽፈው፣ ለግብር ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው" አለኝ። የኪራይ ገቢ ግብር በአዋጅ 979/2008 ሰንጠረዥ "ለ" የሚባለው ውስጥ ነው ያለው፣ ከፋዩ አከራዩ ነው። እኔ በ7,000 ውል 18,000 ብር ምን ብዬ ነው የማወራርደው? አይሆንም አልኩ። ወንድምየው ተቆጣ፣ "እንግዲያው ግብሩን እናንተ ቻሉት" አለ፣ ልጁ አብሽር አብሽር እያለ መሃል ገባ፣ ግማሽ ቀን ተጨቃጭቀን በ18,000 ተጻፈ። ይቺን በማሸነፌ ደስ ብሎኝ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት መሰለኝ። የስድስት ወሩ ቅድሚያ ራሱ እኮ የሚያጠያይቅ ነበር፣ በኋላ የድርጅታችን ነገረ ፈጅ እንደነገረኝ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016 የሚባለው፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ክፍያውም በባንክ ወይ በኤሌክትሮኒክ እንዲሆን ይላል፣ በክልል ግን የሚተገበርባቸውን ከተሞች የሚለየው ክልሉ ነው። ቢያንስ አንስቼ ልደራደርበት እችል ነበር።

ቴክኒሻኖቹ እሁድ ገቡ። ማክሰኞ ጠዋት ትልቁ ሰውዬ፣ ጋሽዬ ነው የምላቸው፣ ፋብሪካ በር ላይ ጠበቁኝ። ፊታቸው ላይ የደረቀ ሳሙና አለ፣ ጆሮአቸው ስር ነጭ ሆኖ ቀርቷል። "ልጄ" አሉኝ በጣም በቀስታ፣ "ሳሙናውን ከተቀባሁ በኋላ ነው የሄደው፣ በሃይላንድ ውሃ ነው አይኔን ያጠብኩት"። የተቆጡ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሮጥኩ ወደ ቤቱ። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ጠየቅኳቸው፣ ምንም አልደበቁኝም፦ "የከተማው ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣ፣ ሲመጣም ምድር ቤቱን ነው የሚያዳርስ፣ ጉልበት የለውም ወደላይ አይወጣም። እናንተ ልታዩ የመጣችሁ ጊዜ በቦቴ አስመጥተው ሮቶውን ሞሉት"። የጎማው ዱካ! ሰገነቱ ላይ ወጣሁ፣ አንድ ጥቁር ሮቶ አለ፣ ክዳኑን ገለጥኩት፣ ከስሩ እንደ ቡና አተላ ያለ ጭቃና አንድ የሞተ ጥንዚዛ። ፓምፕ የሚቀመጥበት ቦታ በሲሚንቶ ተሰርቷል፣ የቧንቧው አፍ ተዘጋጅቷል፣ ፓምፑ ግን የለም።

ከዛን ቀን ጀምሮ ስራዬ ውሃ ማመላለስ ሆነ። ቢጫ ጀሪካን፣ ስድስት ስድስት፣ በፋብሪካው ፒክአፕ፣ ሁለተኛ ፎቅ በእጅ። ኤጀንሲው ጋ ስደውል ልጁ "አብሽር ዛሬ እልክልሃለሁ" ይላል፣ ማንን እንደሚልክ አይናገርም፣ ከሳምንት በኋላ ስልኬን ማንሳት አቆመ፣ በሌላ ሰው ስልክ ስደውል ያነሳል ድምፄን ሲሰማ ኔትወርክ ይጠፋበታል። በአካል ሄድኩ። "እኛ አገናኝ ነን እኮ ወንድሜ፣ የቤቱ ጉዳይ ከአከራዩ ጋር ነው" አለኝ። ታዲያ 10,800 ብሩ የምን ነው? "የማገናኛ"። ተገናኝታችሁ የለ? ተገናኝተናል። መልስ አጣሁ።

በዚህ ላይ ፋይናንስ። የኮሚሽኑ ደረሰኝ አለ፣ የ108,000ው ደረሰኝ የታለ? ወንድምየው በራሱ ስም ቲን ነምበር የለውም፣ የእህቱን አምጣ ሲባል ዛሬ ነገ ይላል። የሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ ጥሩ ሰው ናት፣ ጥሩ ሰው ስለሆነች አስቀድማ ነገረችኝ፦ ብሩ በኔ ስም ተሰብሳቢ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ካልተወራረደ ከደሞዝ ነው። 108,000ውን ለደሞዜ አካፍዬ የዛን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በአምስተኛው ሳምንት ማታ በኢሞ የማላውቀው የሳውዲ ቁጥር ደወለልኝ። የሴት ድምፅ ነው፣ ከኋላዋ ህፃን በአረብኛ ያለቅሳል፣ የራሷ ልጅ እንዳልሆነ ከአያያዟ ይታወቃል፣ አንድ እጇን ስልኩ ላይ አድርጋ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። "ወንድሜ ሰላም ዋልክ፣ ቤቴ ውስጥ ሰው ገባ ብላ ጎረቤት ነገረችኝ፣ እውነት ነው?" እውነት ነው አልኳት። "ኪራዩን እንኳን አውቃለሁ፣ በስንት ነው የተከራያችሁት?" ዝም አልኩ። እንደገና ጠየቀችኝ። በ18 ሺ አልኳት። እሷ ደግሞ ዝም አለች፣ ህፃኑ ብቻ ነው የሚሰማው። "እኔ 11 ነው የማውቀው" አለችኝ። ከዛ የማልረሳውን ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ "ውሃስ ጥሩ ይወጣል? የፓምፕ ብር ረመዳን ላይ ልኬ ነበር"።

ምን ትላታለህ? ተናድጄባት ነበር እኮ አንድ ወር ሙሉ፣ በሃሳቤ ጅዳ ተቀምጣ ብር የምትቆጥር ሴትዮ አድርጌ ነበር የምስላት። ውሉን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አለችኝ። ትንሽ አመነታሁ፣ እህትና ወንድም መሃል ወረቀት ይዞ መግባት ከባድ ነው፣ በኋላ ግን ላኩላት፣ ቤቱ የሷ ነው። የውክልናውንም ፎቶ ኮፒ አብሬ ላኩት፣ ያኔ ነው እኔ ራሴ መጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት፦ ግንባታ እንዲያስጨርስ ይላል፣ ውሃና መብራት እንዲያስገባ ይላል፣ ማከራየት የሚል ቃል ከላይ እስከታች የለም። ማህተሙ ትክክለኛ ነው፣ ሀሰተኛ ነገር የለውም። አንባቢው ነው የጎደለው።

ነገሩን ለማሳጠር፣ እሷ በጅዳው ቆንስላ በኩል ለአክስቷ አዲስ ውክልና ላከች፣ ሁለት ወር ገደማ ፈጀ፣ እሱ እስኪመጣ ጀሪካኑ ቀጠለ። አክስትየው በመጡ ሳምንት በሷ ቲን ነምበር ደረሰኝ መጣ፣ ፓምፑም ተገዝቶ ገባ። ጋሽዬ መጀመሪያ ቀን ሻወር ወስደው ሲመጡ ሽቶ ሁሉ ተቀብተው ነበር። መያዣውን ሲወጡ ሳንቲም ሳይጎድል መለሰችልን። ወንድምየውን ምን እንዳደረገችው አልጠየቅኩም። 10,800ው ብር ግን ሄዷል፣ አለቃዬም ስለሱ አንስቶ አያውቅም፣ "ቢሮ ያለው" ብሎ ያዘዘኝ እሱ ነዋ።

ዘንድሮ ለጥገና ሁለት ሰዎች ይመጣሉ ሲባል፣ እነሱ ደግሞ ደሴ ነው መኖር የፈለጉት፣ ቀጥታ በረንዳው ጋ ሄድኩ። ለፋይናንስ የሚሆነውን ደረሰኝ ከአከራዩ ራሱ አመጣለሁ፣ ከመክፈሌ በፊት፣ የቤቱን ካርታ አያለሁ፣ ውክልና ከሆነ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው መስመር አነባለሁ፣ ጎረቤት እጠይቃለሁ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። አባባ ታሪኩን ሁሉ ሰምተው ሻያቸውን ጨረሱና "ተነስ" አሉኝ። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ቤት አስገቡኝ፣ ሴትየዋ ሳሎኑን ልታሳየኝ በር ስትከፍት እሳቸው ወደ ሳሎኑ ዞር አላሉም፣ ጫማቸውን አወለቁና መሰላሉን መውጣት ጀመሩ፣ በዛ እድሜያቸው፣ በዛ የጦሳ ተራራ ብርድ። ኧረ አባባ እኔ ልውጣ ብል አልሰሙኝም። ላይ ሆነው ሮቶውን በዱላቸው ከላይ መቱት፣ ድም አለ። መሃሉን መቱት፣ ድም አለ። ታቹን መቱት፣ ድም አለ።

ቀስ ብለው ወረዱና ጫማቸውን አጠለቁ፣ ሴትየዋን "አላህ ይስጥልኝ" ብለው ወደ በሩ እየሄዱ "ሌላ ቤት አለ፣ ትንሽ ዳገት ነው፣ ትችላለህ?" አሉኝ።