የእናት ወገን ቀለም

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሜሪላንድን ባንዲራ በየቀኑ አየዋለሁ፤ በመኪና ታርጋ፣ በቲሸርት፣ በካልሲ ላይ ሳይቀር። ረጋ ብዬ አይቼው ግን አላውቅም። አራት ቦታ ተከፍሎ ሁለቱ ጥቁርና ቢጫ ሰያፍ፣ ሁለቱ ቀይና ነጭ መስቀል፤ ዓይን ያጥበረብራል። አንዱን ትንሽዬ እንኳ ጎረቤቴ ቤት ሲለቅ ሰጥቶኝ በረንዳዬ ላይ አስሬዋለሁ።

ባለፈው ክረምት እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ሦስተኛ ሳምንቷን ስትይዝ "ኧረ ከዚህ ቤት አውጣኝ" ስላለችኝ በ50 ቁጥር መንገድ ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ወደ አናፖሊስ ነዳን። ቅርብ ናት፤ ትራፊክ ካልያዘ አንድ ሰዓት አትፈጅም።

የገባነው የግዛቲቱ ምክር ቤት ነው። የሕንፃው ግንባታ የተጀመረው በ1772 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1783 የጦር አዛዥነቱን በፈቃዱ ያስረከበው እዚሁ ነው፤ ሐውልቱም ቆሟል። እናቴ ግን ለዋሽንግተን ጊዜ አልነበራትም። ጥግ ላይ የቆመውን ባንዲራ ትክ ብላ ታይ ነበር። እንጨቱ ጫፍ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው መስቀል አለ፤ የአራቱም ክንዶቹ ጫፍ ሦስት ሦስት እንቡጥ አውጥቷል። ነጠላዋን አስተካከለችና አማተበች።

"እነዚህ ሰዎች ባንዲራቸውን ያስባርኩታል እንዴ?"

አስጎብኚዋ ጸጉሯ የሸበተ ደርባባ ሴት ናት። ስተረጉምላት ሳቀች። ከ1945 ጀምሮ የሜሪላንድ ባንዲራ እንጨት ጫፍ ላይ ጌጥ ከተደረገ ይህ መስቀል ብቻ እንዲሆን ሕጉ ያዛል አለችን። ሲሰቀል ደግሞ እንጨቱን የሚነካው የላይኛው ጥግ ጥቁር መሆን አለበት። መስቀሉ የመጣው ከባንዲራው፣ የባንዲራውም ከአንዲት እናት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቁርና ቢጫው የካልቨርት ቤተሰብ አርማ ነው። ንጉሥ ቻርለስ ቀዳማዊ በ1632 ይህንን አገር የሰጠው ለሴሲል ካልቨርት ነበር። ቀይና ነጩ ደግሞ የሴት አያቱ የክሮስላንድ ቤተሰብ ነው፤ የሴሲል አባት ጆርጅ የአባቱንና የእናቱን ወገን አርማ ጎን ለጎን አድርጎ ይጠቀም ነበር። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ግን ሜሪላንድ የምትታወቀው በጥቁርና ቢጫው ብቻ ነው።

የእናት ወገን ቀለም የወጣው በክፉ ቀን ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ሜሪላንድ ከሰሜኑ ጋር ቀረች፤ ብዙ ልጆቿ ግን ለደቡቡ ሊዋጉ ሄዱ። እነሱ ቀይና ነጩን ያዙ፤ መስቀሉንም ደረታቸው ላይ አደረጉት። በ1863 ጌቲስበርግ ላይ የሁለቱ ወገን የሜሪላንድ ልጆች አንድ ኮረብታ ላይ ተታኮሱ። ሁለቱን ቀለም አንድ ላይ የያዘው ባንዲራ የታየው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1880 ባልቲሞር 150ኛ ዓመቷን ስታከብር፣ በ1888 እዚያው ጌቲስበርግ ሐውልት ሲመረቅ። በሕግ የጸናው በ1904 ነው።

እርቅ ነው ይሉታል። እኔ ግን ትንሽ ይከብደኛል። ከምክር ቤቱ ቁልቁል ሲወርዱ የሚደረስበት ወደብ በባርነት የተጫኑ አፍሪካውያን ይራገፉበት የነበረ ነው፤ ቀይና ነጩን የያዙት ደግሞ ባርነትን ይዞ ለቆመ ወገን ነው የተዋጉት። ግዛቲቱ ለደቡቡ ያደላ የነበረውን መዝሙሯን በ2021 ሰርዛለች። ባንዲራውን ግን አልነካችውም፤ ሰዉም ይወደዋል። ወደቡ ዳር ያሉት ሱቆች ከጃንጥላ እስከ ውሻ አንገት ማሰሪያ ድረስ በእሱ ጥለት ተሞልተዋል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ስተርክላት አይስክሬሟን እየላሰች ሰማችኝ።

"ሰውየው እናቱን አለመርሳቱ ደስ ብሎኛል" አለች። ስለ ጦርነቱ ምንም አላለችም።

ማታ ቤት ስንደርስ በረንዳው ላይ ቡና ልታፈላ ወጣች። ከሰሉን እያራገበች ቀና ብላ አየችና ጠራችኝ።

"ሴትየዋ ጥቁሩ ነው ከላይ ያለችን?"

"አዎ እማዬ።"

"ያንተ ቢጫ ነው።"

መብራቱን አብርቼ አየሁት። ቢጫ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ተዘቅዝቆ ነበር የተሰቀለው። ክሩን ልፈታ ወንበር ላይ ወጣሁ።