ትከሻ ለትከሻ፤ ለዘንድሮ ገና

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! አውስትራሊያ ሆናችሁ በጠራራ ፀሐይ ዶሮ ወጥ የምትሠሩ ወገኖቼ ደግሞ ሰላምታዬ እጥፍ ይሁንላችሁ፤ የዛሬው ወሬዬ ከእናንተው ሰፈር ነውና።

እዚያ አገር ብዙ አባወራ ከቤቱ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለችው፤ «ሼድ» ይሏታል። መጋዙ፣ መዶሻው፣ መላጊያው፣ አንድ ቀን እጠግነዋለሁ ብሎ ያስቀመጠው ሬዲዮ ሁሉ እዚያ ነው። ጡረታ ወጥቶ ግቢውን ሸጦ ጠባብ ቤት ሲገባ ያቺ ክፍል ትቀራለች። የሥራ ባልደረቦቹም ቀርተዋል። ከሚስቱ በቀር የሚያጫውተው የለም፤ እሷ ከቀደመችውማ አለቀ።

ይህን ቀድማ ያየችው ሴት መሆኗ አይገርመኝም። ማክሲን ኪቶ ትባላለች። ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ፣ የመሪ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት አጠገብ፣ ጉልዋ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ባለው የአረጋውያን ማዕከል ወንዶቹ የሚይዙት የሚጨብጡት እንደሌላቸው አይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የእጅ ሥራ የሚሠሩበት ቤት እንዲከፈት አደረገች። በ1998 በቪክቶሪያ ገጠር፣ ቶንጋላ ላይ፣ በዲክ ማክጋወን ስም የተሰየመ «የወንዶች ሼድ» ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የሲድኒው ሌን ኮቭ ተከተለ። አገር አቀፍ ማኅበራቸው በ2007 ተመሠረተ። ዛሬ አውስትራሊያ ውስጥ ብቻ ሼዶቹ ከ1,000 በላይ ናቸው፤ አየርላንድና ብሪታንያም ተቀብለውታል።

እኔን የሚማርከኝ ግን ብልሃቱ ነው። በሩ ላይ «የአእምሮ ጤና ምክር» ተብሎ ቢለጠፍ ማን ይገባ ነበር? ሰውየው የሚመጣው ወንበር ሊጠግን፣ ለሕፃናት መጫወቻ ሊሠራ፣ ወይም ሻይ ሊጠጣ ነው። ወንዶች ፊት ለፊት ሳይሆን ትከሻ ለትከሻ ሆነው ነው የሚያወሩት ይላሉ፤ መፈክራቸው ነው። አንዱ ጣውላውን ይይዛል፣ ሌላው ይልጋል፤ የሁለቱም ዓይን እንጨቱ ላይ ነው። በመሀል አንዱ ስለ ፕሮስቴቱ ወይም ስለ ሌሊት እንቅልፉ ጣል ያደርጋል። ሌላው ቀና ሳይል «እኔም» ይላል። በዚያ አገር ራሳቸውን ከሚያጠፉ አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል ወንዶች ናቸው፤ መንግሥትም በ2010 ባወጣው የወንዶች ጤና ፖሊሲ ለሼዶቹ ገንዘብ መደበ።

የእኛስ? ሆድ ይፍጀው ብለን ያደግን ነን። «እንዴት ነህ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን በሩን እንዘጋለን። እድራችን ግሩም ነው፣ በእሱ አልደራደርም፤ ነገር ግን ድንኳኑን የሚተክልልን ከሞትን በኋላ ነው። ሜዳ ላይ ሩር እያባረሩ ገና የሚጫወቱት አባቶቻችን የተሻለ ያውቁ ነበር መሰለኝ፤ ያን ቀን ጌታውም ሎሌውም ላብ በላብ ሆኖ የልቡን ይናገር ነበር። አሁን በበዓል ቀን ሴቶቹ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፉ ገበናቸውን ሲያወጉ፣ ጋሼ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጡረታ የወጣ አጎት፣ ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤት፣ ወይም ከአረብ አገር ተመልሶ ቤት የዋለ ወንድም ካላችሁ ምሳ ብቻ አትጋብዙት። የሚወላገደውን በር አሳዩት፤ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን አብረን እናስተካክል» በሉት። ጠቡን በኋላ የምትችሉ ከሆነ በጉንም አብራችሁት ግፈፉ፤ ቢላ አያያዛችሁን መተቸቱ አይቀርም።

መልካም ገና!